ጊታሩን ወደ ግራ ስንገለብጠው

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልተሰጠኝም። እናቴ "አንቺ ስትወለጂ እንኳ አዋላጇ እስክትደርስ አልጠበቅሽም" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ወንድሜ ደግሞ ፍጹም ተቃራኒዬ ነው፤ ሻዩ እስኪበርድለት ድረስ አገር ቢታመስ ከወንበሩ የማይነቃነቅ ሰው። ጋሼ እለዋለሁ። ጋሼ እያልኩ ግን የማወራው በአንተ ነው፣ ስናደድበት ደግሞ ጋሼውም ይቀራል። አሁን የማወራው እኔ ቸኩዬ፣ እሱ ተጎትቶ፣ እናታችን ደግሞ በመሃል ድስቷን ስላጣችበት ጊዜ ነው።

ጋሼ ደብረ ብርሃን ውስጥ በሥራ ቀን የቢሮ ሰው ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን የአንድ የሠርግ ባንድ ጊታር ተጫዋች ነበር። ጊታሩ ኤሌክትሪክ ነው፤ አዲስ አበባ ከፈረሰ ባንድ ላይ የገዛው፣ መልኩ ግን የድሮ። የድሮ ስል ያረጀ ማለቴ አይደለም። ፋብሪካው ራሱ አዲሱን ዕቃ የአያቶቻችን ዘመን ጊታር አስመስሎ ነው የሠራው፤ ጠርዙ ጠቆር ያለ፣ መሃሉ ማር የመሰለ፣ ነጩ ፕላስቲክ ደግሞ ሆን ተብሎ በቢጫ የተነከረ። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን እያገላበጠች መረመረችውና፣ "ሰው አዲስ ዕቃ ሠርቶ ለምን አሮጌ ያስመስለዋል? እኔ አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ዕድሜዬን ፈጀሁ" አለች።

"እማዬ፣ ፋሽኑ ነው" አላት።

"ፋሽኑስ ይሁን። ለማርጀቱ ቅናሽ አደረጉልህ ወይ?"

ከዚያ አንድ መኸር ላይ መዘዞ ያለው አጎታችን ዘንድ ገብስ ሲወቃ ሊያግዝ ሄደ። የመውቂያው ማሽን ቀበቶ ግራ እጁን ያዘው። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ከሥራቸው ሄዱ፤ መሃል ጣቱ ተረፈች፣ ግን አትታጠፍም። ማንንም የምንወቅስበት ነገር አልነበረም። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ እጁም ዳነ።

ያልዳነው ሰውየው ነው። ጊታር የማያውቅ ሰው እንዲገባው ልንገር፦ ቀኝ እጅ ክሩን ይመታል፣ ግራ እጅ አንገቱ ላይ ክሩን እየተጫነ ዜማውን ያወጣል። ለመጫን ደህና አራት ጣት ይፈልጋል። ጋሼ ከአውራ ጣቱ ሌላ በወጉ የምትታዘዘው አንዲት ሌባ ጣት ብቻ ቀረችው። ባንዱ በእሱ ምትክ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ያዘ፤ አልፈርድባቸውም፣ ሠርግ ማንንም አይጠብቅም። ጊታሩ አልጋ ሥር ገባ። ግራ እጁ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ገባ።

ደብረ ብርሃን ላይ እጁን ኪሱ የከተተ ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ብርዱ ሁላችንንም እንደዚያ አድርጎናል። ጋሼ ግን በቀትር ፀሐይም፣ ቤት ውስጥም፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞም ከኪሱ አያወጣትም። ጢሙን ሲላጭ ማንጎራጎር ተወ። ሬዲዮው ዘፈን ሲጀምር ተነስቶ ይዘጋዋል። ያ ዝምታ ሆዴን በላው። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ሰው ያንን እጁን አውጥቶ እንደገና እንዲጫወት። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

እኔ አንኮበር ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሳምንቱን እዚያ እውልና ቅዳሜና እሁድን ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ነኝ። ሁዳዴ በገባ ሰሞን አንኮበር የምትኖረው የአክስታችን ልጅ ሠርጓ ለዳግማ ትንሣኤ መቆረጡን ልትነግረን መጣች። ከእናቴ ጋር ተሳስማ ሳትጨርስ ወደ ጋሼ ዞረች።

"ጋሽዬ፣ አንድ ዘፈን ብቻ። አንተ ሳትጫወትልኝ ባገባ ያገባሁ አይመስለኝም።"

"ባንድ ይዛችሁ የለ እንዴ!" አላት እየቀለደ። "እኔ ከኋላ ሆኜ አጨበጭብልሻለሁ።"

ካለ በኋላ የተናገረው ነገር ለራሱ ገባው። ለሁላችንም ገባን። ልጅቷ አንገቷን ደፋች፣ እናቴ "ሻይ ይምጣ?" አለች፣ ሻዩ ግን ፊታችን ተቀድቶ ነበር።

በዚያው ሳምንት ስልኬ ላይ አንድ ግራኝ ጊታር ተጫዋች አየሁ። ሰውየው ጊታሩን ገልብጦ ይዞ፣ በቀኝ እጁ እየተጫነ በግራው ይመታል። ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ቅዳሜ ቤት እንደ ደረስኩ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋሼ ፊት ቆምኩ።

"በቃ፣ ገልብጠው!"

"ምኑን?"

"ጊታሩን! ቀኝህ ይጫን፣ ግራህ ይምታ። ለመምታት አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይበቃል። ሁለቱም አሉህ!"

ስልኩን አይቶ መለሰልኝ። "ሚጣ፣ ይሄ ሰውዬ ግራኝ ሆኖ ነው የተወለደው። የኔ ቀኝ እጅ መጫን የሚባል ነገር አያውቅም። ደንቆሮ ነው።"

"እኔ ምን ሠርቼ የምበላ ይመስልሃል? ደንቆሮ አስተምሬ አይደለም እንዴ?" አልኩት። ተማሪዎቼ ይህን እንደማያነቡት ተስፋ አደርጋለሁ።

እምቢ አለ። እኔም መለመን ስለማልችልበት አልጋ ሥር ገብቼ ጊታሩን አወጣሁና፣ ሳሎን ምንጣፉ ላይ አጋድሜ፣ በሽንኩርት መክተፊያ ቢላ ብሎኑን መፍታት ጀመርኩ። ምን እየሠራሁ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጋሼ መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። ቢላው ተንሸራቶ ያንን ማር የመሰለ ቀለም ጫር ሲያደርገው ግን ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

"ኧረ በማርያም! በቢላ? አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም? ካቻቢቴ አምጪ!"

ካቻቢቴ አመጣሁ። ጊታሩን የሚያውቀው እሱ፣ ሁለት ደህና እጅ ያለኝ እኔ፤ ስለዚህ እሱ ከወንበሩ ሆኖ ያዛል፣ እኔ እሠራለሁ። "ቀስ!" "እሱን አይደለም!" "ብሎኑን የት ጣልሽው?" እንዴት እንደጨቀጨቀኝ! እኔም አልተኛሁለትም፤ "አፍህን ከምታሠራ እጅህን አታሠራም?" አልኩት። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችንና፣ "ተዉአቸው፣ ካልደፈረሰ አይጠራም" ብላ ተመለሰች። ቤት ውስጥ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም፤ ለማን እንዳለች አላውቅም።

ጊታር ሲገለበጥ ብዙ ነገር አብሮ ይገለበጣል። ገላው ላይ ሁለት ቀንድ አለው፣ ላይኛው ረዘም ያለ፣ ታችኛው አጠር ያለ። አንገት ላይ የሚንጠለጠልበት ጠፍር ረጅሙ ቀንድ ላይ ነበር የሚታሰረው። ተገልብጦ ሲያዝ ረጅሙ ታች ወረደ፣ ስለዚህ ከጎረቤት አናጢ መሰርሰሪያ ተውሼ አጭሩ ቀንድ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። ጠማማ ሆነ። እስከ ዛሬ ጠማማ ነው፣ ጋሼም እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

እናቴን ያሳሰባት ሌላ ነበር። "በግራ እጅ?" አለች። "በግራ እጅ ለሰው ዕቃ እንኳ አይሰጥም፣ ዘፈን ይሰጣል እንዴ?" እኔ "ዘፈን በጆሮ ነው የሚቀበሉት እማዬ" አልኳት፣ ለጊዜው ረታኋት መሰለኝ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

ዋናው ችግር አንገቱ ጫፍ ላይ ነበር። ክሮቹ ወደ መቃኛዎቹ ከመድረሳቸው በፊት የሚያርፉባት ጣት የምታክል ዘንግ አለች፤ ስድስት ቦይ አላት፣ ለወፍራሙ ክር ሰፊ፣ ለቀጭኑ ጠባብ። እኛ ቤት ትራሷ አልናት። ክሮቹ ቦታ ሲቀያየሩ ወፍራሙ ከጠባቡ ቦይ አልገባ አለ፣ ቀጭኑ ደግሞ ሰፊው ቦይ ውስጥ እየዋለለ እንደ ዝንብ ይጮኻል። አዲስ አበባ ካለ ሰው አዲስ ትራስ አስመጣን። ከእጅ አይሻል ዶማ! እሷም ለቀኝ የተቆረጠች ፕላስቲክ ናት።

"የድሮዎቹ እኮ አጥንት ነበሩ" አለ ጋሼ። "እውነተኛ አጥንት። ድምፁም ይጠራል። ፋሲካ ይድረስና ከቅርጫው ቅልጥም እናስቀራለን።"

ፋሲካ! ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ በሳምንቱ ነው። አጥንቱ መቼ ደርቆ፣ መቼ ተሞርዶ፣ ያ ደንቆሮ ቀኝ እጅ መቼ ተምሮ? በሁዳዴ ደግሞ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ተዘግቷል። በቃ፣ ሰኞ ከአንኮበር ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ።

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ ብርዱ ከኋላ ይቀራል። ግማሽ መንገድ ላይ ሹራቤን፣ ታች ስደርስ ሻርፔን አወለቅሁ። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተው ስለነበር እኔም ጿሚ፣ ሥጋ ሻጩም ጿሚ። ለማፍጠሪያ የሚሆን ሥጋ ሊሸጡ ከሰዓት በኋላ ነው የከፈቱት። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ አባት ናቸው።

"አባባ፣ አጥንት ፈልጌ ነበር።"

"ለውሻ ነው ልጄ?"

"አይ፣ ለጊታር።"

"ሱብሃነላህ!" አሉ። "ጊታርም አጥንት መብላት ጀመረ?"

ነገሩን ከነታሪኩ ነገርኳቸው። ስለ ወንድሜ እጅ ስነግራቸው ቢላቸውን አስቀምጠው ነው የሰሙኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ረጅም፣ ከባድ ቅልጥም ይዘው መጡ። "የበሬም አለ። ግን እንዲጠነክር ከሆነ ይሄ ነው፤ የግመል ነው" አሉኝ። ሒሳብ አልቀበልም አሉ። "ለወንድምሽ አላህ አፊያውን ይስጠው። ዱዓ አደርግለታለሁ።" አመስግኜ ቅልጥሙን እንደ ሕፃን አቅፌ አቀበቱን ተያያዝኩት። ግመል መሆኑ ብዙም አላሳሰበኝም፤ ማን ይበላዋል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ቅዳሴ ሄዳለች፣ ከዚያ ደግሞ ገበያ ዞራ ነው የምትመለሰው። አጥንት ስቡ እንዲለቅ በሳሙና ውሃ መቀቀል አለበት፤ ይህን ኬሚስትሪ አስተማሪ አጥታ አታውቅም። በብረት መጋዝ ቆራረጥኩት። ጓዳ ገባሁ፣ ጥልቅ ያለ ድስት ፈለግኩ፣ ቅርቤ ያለውን አነሳሁ፣ እሳት ላይ ጣድኩ። ያነሳሁት እናቴ ቅበላ ዕለት አጥባ፣ አጥና፣ ከሥጋና ከቅቤ ዕቃ ለይታ ያስቀመጠችው የጾም ሽሮ ድስት ነው። የሸክላ። ሸክላ ደግሞ የጠጣውን አይተፋም። ይህንንም ኬሚስትሪ አስተማሪ አታጣውም ነበር፣ ብታስብ ኖሮ።

እናቴ በሩን ስትከፍት ሽታው ተቀበላት። ነጠላዋን እንዳጣፋች ጓዳ መጣች።

"ምንድን ነው የሚሸተኝ?"

"አጥንት ነው እማዬ። የሚበላ እንዳይመስልሽ፣ ለጊታሩ ነው።"

ድስቱን አየች። "በሁዳዴ? በሽሮ ድስቴ?"

ያኔ ነው ምን እንዳደረግኩ የታየኝ። "ውይ" አልኩ።

"ከየት አመጣሽው? በዚህ ጾም ማን አርዶ?"

"ከአልዩ አምባ።"

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልመና በሚመስል ቃና፣ "የበሬ ነው አይደል? ቢያንስ የበሬ ነው በይኝ" አለች።

እዚህ ላይ ማንም አእምሮ ያለው ሰው ይዋሻል። እኔ "የግመል ነው" አልኩ።

"በስመ አብ ወወልድ!" አማተበች፤ ድስቱ ላይ አማተበች፤ እኔም ላይ አማተበች። "ግመል! ሰኮናው ያልተሰነጠቀ! ይህን ሁሉ ቀን ደረቅ ቆሎ የቆረጠምኩት ለዚህ ነው? የኔ ልጅ፣ የተማረችው፣ መምህርቷ…" እያለች ስትወርድብኝ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ ሰማን። መጀመሪያ ያመመው ሰው መሰለኝ። ጋሼ የጓዳውን መቃን ተደግፎ ይስቃል። እንዲህ ያለ ሳቅ! ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እንባው ይወርዳል፣ "ግመል… በሽሮ ድስት…" ብሎ መጨረስ እያቃተው።

እናቴ ስድቧን መሃል ላይ አቆመች። እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከመኸር ወዲህ ይህንን ድምፅ በዚህ ቤት ሰምተነው አናውቅም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ወደ ምድጃው ጠጋ አለችና ድስቱ ውስጥ አጎንብሳ ተመለከተች።

"ድስቱስ አንዴ ሄዷል" አለች። "ይልቅ በደንብ ይብሰል፤ ስቡ ካልወጣለት ይከረፋል።" ከሰልም ጨመረችበት። "ለንስሐ አባታችን ግን የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ።"

ነገርኳቸው። አባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ቀኖና ሊሰጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ "ልጁስ ተጫወተ ወይ?" አሉኝ። ገና መሆኑን ስነግራቸው "በርቱ" ብለው ሸኙኝ። ድስቱን እናቴ ደጅ አውጥታ ጤና አዳም ተከለችበት፤ አሁን ጤና አዳሙ ከአጥሩ አልፎ የጎረቤት ሆኗል።

አጥንቱ ደርቆ ሲነጣ መሞረድ ተጀመረ። የመጀመሪያዋን ትራስ እኔ ሠራሁ፤ ለመጨረስ ቸኩዬ ቦዩን አጥልቄ በአንድ ምት ሰበርኳት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔን ነው። ሁለተኛዋን ጋሼ "አምጪው ወዲህ" ብሎ ተቀበለኝ። ግራ እጁን ከኪሱ አወጣና፣ ቁራጯን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አጥብቆ ይዞ፣ በቀኙ ሞረደ። እኔ እንዳላየሁ ሆኜ የብርጭቆ ወረቀት አቀብለው ነበር። ቤት ውስጥ፣ እኛ ፊት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን መደበቅ ተወ። ትራሷ ስትገባ ገጠመች። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ከዚያ ሁሉ አስመሳይ ቢጫ ፕላስቲክ መሃል አንዲት እውነተኛ ነገር።

ከዚያ ትምህርቱ መጣ። የእግዜር ያለህ! ያ ሠርግ ቤት የሚያንቀጠቅጥ ሰው "ሀ ሁ" ያልቆጠረ ሆነ። ቀኝ እጁ ክሩን የሚጫነው ስልክ እንደሚጎረጉሩ ሽማግሌ ነው፤ አንዷን ጣት ያስቀምጣል፣ ሌላዋን ይፈልጋል፣ እስኪያገኛት የመጀመሪያዋ ትነሳለች። እናቴ በር ላይ ሆና "ጎሽ! ጎሽ!" ትለዋለች፣ ምንም ጎሽ የሚያሰኝ ነገር ሳይኖር። አንድ ቀን ደግሞ ዜማው ያዘለት፣ ሄደ፣ ሄደ፣ መሃል ላይ ድምፁ ጥፍት። ሦስታችንም ቀና ብለን አምፖሉን አየን። መብራቱ አለ! ለካስ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ቁልፎች ጊታሩ ሲገለበጥ ክንዱ ሥር ገብተው፣ ሲመታ በክርኑ እየዘጋው ኖሯል። ከፍቼ ሁለቱን ቁልፎች ነቀልኩ፣ ሌላውን ትቼ የአንዱን ሽቦ በብየዳ እርሳስ አስረዘምኩና ክንዱ ከማይደርስበት ጥግ ላይ አዛወርኩት። ይህንን እንኳ ቀጥ አድርጌ ሠራሁት።

ፋሲካ ሲያልፍ አንድ የትዝታ ቅኝት ዜማ፣ ዝግ ያለ፣ ከዳር እስከ ዳር ይወጣለት ጀመር። ስህተት አለው፤ ግን እሱ ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም። እኔ ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ። ለአክስቴ ልጅ ስልክ ደውዬ "ይመጣል" አልኳት፣ ሳላስፈቅደው።

ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን ጋሼ ሱፉን ለብሶ፣ ጊታሩን አንግቶ፣ ቁም ሣጥኑ መስታወት ፊት ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ "ሚጣ፣ ይሄንን ሁለታችንም አላሰብነውም" አለኝ።

"ምኑን?"

"ድሮ ግራ እጄ ጥግ ነበር፣ አንገቱ ጋ። ማንም ልብ አይለውም። አሁን ተመልከቺ" አለና መታ አደረገው። "መሃል ሆዴ ላይ ነው። ሰው ጊታር ሲያይ የሚያየው የሚመታውን እጅ ነው። ስገለብጠው ይሄንን እጅ አውጥቼ ሕዝብ ፊት ሰቀልኩት።"

እውነቱን ነበር። መስታወቱ ውስጥ ከፊቱ ቀድሞ የሚታየው ያ እጅ ነው። እኔ ብሎን ስፈታ፣ አጥንት ስቀቅል፣ ቀዳዳ ስበሳ ይህንን አንድ ቀን አላሰብኩትም።

"ጓንት ብታደርግስ?" አልኩት።

"ባለ ስንት ጣት?"

ጊታሩን አውልቆ ሣጥኑ ውስጥ አስተኛው። "ነገ አልሄድም። ንገሪያት።" ያኔ ገነፈልኩ። "አልነግራትም! ራስህ ንገራት! እኔ ደክሞኛል! ሰው ያያል፣ አዎ ያያል፣ ያይና ይለምደዋል፣ እኔ አልለመድኩትም እንዴ? ያልለመድኩት አንተ ዝም ስትል ነው! በዚህ ቤት ጧት ጧት የምትላጭበትን ዜማ አጥቼ…" አልጨረስኩትም፣ ልቅሶ ቀደመኝ። ልቅሶ ሲቀድመኝ ደግሞ ይብስ እናደዳለሁ፤ በሩን ወርውሬ ዘጋሁት። ተከትሎኝ አልመጣም።

ጠዋት እኔና እናቴ ለባብሰን ስንወጣ ጋሼ በር ላይ ቆሟል፣ ሣጥኑን ይዞ። "የአንኮበሩ መኪና ቆየ እኮ" አለ። እኔም አልጠየቅኩም፤ በሕይወቴ ከጠየቅኳቸው ነገሮች ይልቅ በዚያች ባልጠየቅኳት እኮራለሁ።

አንኮበር ድንኳኑ ከገደሉ አፋፍ ብዙም ሳይርቅ ተተክሏል፤ ጉሙ ከታች እየመጣ ይገባል፣ ይወጣል። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ተጨፈረ፣ ከዚያ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ በማይክሮፎን ጋሼን ጠራው። ወጣ። ጊታሩን አነገተ፣ ቀኝ እጁን አንገቱ ላይ አስቀመጠ። ግራው ኪሱ ውስጥ ነው። ልጁ ኪቦርዱን ነካ ነካ እያደረገ ይጠብቀዋል። ሙሽራዋ ከመንበሯ አንገቷን አስግጋ ታየዋለች። እኔ ጥርሴን ነክሼ "አውጣው፣ አውጣው፣ አውጣው" እላለሁ።

አወጣው። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ውይ፣ እጁን" ስትል ሰማኋት፤ እሱም ሳይሰማት አይቀርም፣ ቅርብ ነበር። መታ። የመጀመሪያውን ስቶ ጀመረ፣ ልጁ በኪቦርዱ ሸፈነለት፣ እንደገና ገባ። ያችን ዝግ ያለች ትዝታውን ከነስህተቷ ተጫወታት። አንድ ጠጅ የቀመሰ አጎት ከዳር ሆኖ "ያዝ እንግዲህ! እንዲህ ነው!" አለ፣ እልልታው ቀለጠ። አንድ ዘፈን ብቻ የተባለው ሰውዬ ሳይወርድ ፈጠን ያለ ሁለተኛ ጀመረ፤ በዚያኛው ሰው ሁሉ ተነስቶ እስክስታ ገባ። ማንም እጁን የሚያይለት አልነበረም፣ ሁሉም የገዛ ትከሻው ላይ ነው። እናቴ እየጨፈረች ታለቅስ ነበር፤ እኔም እንዲሁ፣ ግን እኔ መጨፈር አልችልበትም።

ምሳ ሲቀርብ ተመልሶ በመሃላችን ተቀመጠ። አንዲት የማናውቃት ዘመድ ማስታጠቢያና ጆግ ይዛ በተርታ እያስታጠበች መጣች። ከአደጋው ወዲህ ጋሼ ሰው ፊት የሚዘረጋው ቀኙን ብቻ ነው፤ አስታጣቢዎቹም ጣቶቹ ላይ ጠብ አድርገውለት ያልፋሉ። እሷ ፊቱ ስትቆም ሁለቱንም ዘረጋ። ሴትየዋ ግራ እጁን አየችና ጆጓን መልሳ ቀና አደረገች።

"ወንድሜ፣ ውሃው ያምህ ይሆን?" አለችው።

"ኧረ እሱስ ደህና ነው" አላት። "የሚያመኝ ቀኙ ነው፤ ክሩ ጣቶቼን ልጦብኛል። ቀስ አድርገሽ አፍስሺልኝ።"

ሴትየዋ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችለት።